ሽማግሌ የላከ ትምህርት

በሥራ ላይ በነበርሁባቸው ዓመታት ሁሉ የተወለድሁበት አገር ሰው ምን እንደምሠራ አያውቅም ነበር። «ያስተምራል» ይሉኛል፤ እኔም «አስተምራለሁ» እላለሁ፤ በዚሁ ተስማምተን ኖርን። ሐሰት አልነበረም፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሕክምና ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ነገር ግን የማስተምረው ስለ አንጎልና ስለ ነርቭ መሆኑን፣ ከማስተማሩ የተረፈኝን ጊዜ የማሳልፈውም በማይክሮስኮፕ ሥር የአይጥ አንጎል ስመለከት መሆኑን ከዘመዶቼ መካከል የሚያውቁት አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ። እርሳቸውም እናቴ ናቸው።

እናቴ ያወቁት እኔው ስለ ነገርኋቸው ነው። ከውጭ አገር ትምህርቴን ጨርሼ የተመለስሁ ሰሞን ማንኩሳ አጠገብ ባለው ቤታችን ድግስ ተደግሶልኝ ነበር። ሰው መግባት ከመጀመሩ በፊት እናቴ ወደ ጓዳ ጠሩኝና «እንግዲህ ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል? የምን ዶክተር ነህ?» አሉኝ። ወጣት ነበርሁ፤ ያወቅሁትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ለመናገር እቸኩል ነበር። አይጥ መንገድ እንዴት እንደምትማር፣ የተማረችውን አንጎሏ የት እንደሚያኖረው፣ እኛም ያንን አንጎል ከወረቀት በሳሳ ቁራጭ እየሰነጠቅን፣ ቀለም እያስነከርን እንዴት እንደምናየው ዘርዝሬ አስረዳኋቸው። እናቴ በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያም እጄን ያዙ፤ ገለበጡት፤ መዳፌን አዩት።

«በዚህ እጅ?»

«አዎ፤ ግን ጓንት አለ።»

«ጓንቱን አገር አላየው፣ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አይጥ በነካ እጅህ ከሰው ገበታ ልትቀርብ ነው? ለማንም አትንገር። አስተምራለሁ በል፤ ይበቃል።» ከዚያም ውሃ አስመጥተው ሦስት ጊዜ አስታጠቡኝ።

ታዘዝሁ። የታዘዝሁት እናቴን ስለማከብር ብቻ ነው ብል ግን ራሴን ማሳመር ይሆናል። ዝምታው ተስማምቶኝ ነበር። ካልተናገርሁ የሚጠይቀኝ የለም፤ ካልተጠየቅሁ ደግሞ ያቃተኝን ማንም አያውቅብኝም። እንዲህ እንዲህ እያለ ሠላሳ ዓመት አለፈ፤ ከዚያም በላይ።

ጡረታ ወጥቼ ፍኖተ ሰላም ከሠራሁት ቤት ስገባ፣ ይህን ዝምታ የደፈረችው የእኅቴ ልጅ ናት። ቡሬ ላይ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ትመጣለች፤ መጽሐፍ ትዋሳለች፤ ያለፈውን ትመልሳለች፤ መደርደሪያዬን ያለ ፈቃድ ታስተካክላለች። አንድ ቅዳሜ ከላይኛው እርከን ጠፍጣፋ የእንጨት ሣጥን አውርዳ ከፈተችና፣ ከውስጡ ከነበሩት ለማይክሮስኮፕ ከተዘጋጁ ስስ መስተዋቶች አንዱን አንሥታ በመስኮቱ ብርሃን ትመለከት ጀመር።

«ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው? አበባ ይመስላል።»

«አበባ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«የቆየ ነገር ነው።»

«የቆየማ ሁሉም የቆየ ነው፤ እርስዎም ቆይተዋል» አለችኝ፣ ዓይኗን ከመስተዋቱ ሳትነቅል።

ተሸነፍሁ። በመስተዋቱ ላይ ያለው ሂፖካምፐስ የሚባል የአንጎል ክፍል መሆኑን ነገርኋት። ስሙ የባሕር ፈረስ ከሚባለው ትንሽ ዓሣ የተወሰደ ነው፤ ቅርጹ ስለሚመሳሰል። የዋልንበትን ቦታና የገጠመንን ነገር ስናስታውስ ያለ እርሱ ረዳትነት አይሆንልንም። እዚህ ላይ ለማቆም አስቤ ነበር፤ እርሷ ግን መስተዋቱን በጥንቃቄ ወደ ቦታው መለሰችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

የጠየቀችኝ ስለ መስተዋቱ አልነበረም። ከተማሪዎቿ አንዲቱ የሚጥል በሽታ ነበረባት። ልጅቱ ክፍል ውስጥ ስትወድቅ ጓደኞቿ ወንበር እየገለበጡ ይሸሻሉ፤ አንዱ ክብሪት እየጫረ ያስሸትታታል፤ ሌላው ያማትባል። «እኔ መምህርቷ ነኝ። በዚያች ደቂቃ በውስጧ ምን እየሆነ እንደሆነ ግን አላውቅም። እርስዎ ያውቃሉ?»

የማውቀውን ነገርኋት። አንጎል ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ሥራቸው መነጋገር መሆኑን፣ ንግግራቸውም ተራ ያለው መሆኑን፤ በዚያች ደቂቃ ግን ብዙዎቹ በአንድነት፣ አንድ ቃል ብቻ፣ ደጋግመው እንደሚጮኹ። ክብሪቱ ምንም እንደማያደርግ፣ በጎኗ አስተኝቶ፣ የሚጎዳትን ነገር ከአጠገቧ አርቆ መጠበቅ እንደሚሻል፣ ሐኪም ዘንድ ብትሄድ መድኃኒት እንዳለው ነገርኋት። በአማርኛ ይህን ያህል ስለ ሥራዬ ተናግሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜዎቹ የትምህርት ቀን ሆኑ። እርሷ ትጠይቃለች፤ እኔ እመልሳለሁ፤ የማልችለውን አብረን እንፈልጋለን። ክረምቱ ሲወጣ አዲስ አበባ ለሁለተኛ ዲግሪ በነርቭ ሳይንስ አመልክታ ነበርና ተቀበሏት። ትምህርት ቤቷም ፈቃድ ሰጣት። ምዝገባው ሊዘጋ የቀረው ወር ያህል ነው። የተላከላትን ወረቀት ከጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ምነው? ደስ አላለሽም?»

«አባቴ ካልመረቀኝ አልሄድም። ነገርሁት፤ "ቡሬን የመሰለ አገር፣ መምህርነትን የመሰለ ሥራ ይዘሽ የምን መንከራተት ነው" አለኝ። ጋሼ፣ ሽማግሌ ይላኩልኝ።»

«ሽማግሌ ለጋብቻ ነው የሚላከው።»

«ለእርቅም ይላካል፤ ለይቅርታም ይላካል። ለትምህርት አይላክም የሚል የት ተጽፏል?»

የትም አልተጻፈም። በማግሥቱ ሽማግሌ መመልመል ጀመርሁ። አንደኛው ፍኖተ ሰላም ሳለች ባዮሎጂ ያስተማሯት፣ አሁን እንደኔው ጡረተኛ የሆኑ መምህር ናቸው፤ ነገሩን ሳልጨርሰው እሺ አሉ። ሁለተኛው ጎረቤቴ ቄስ ናቸው። እርሳቸው ከበድ አላቸው።

«አንተ የልጅቱ አጎት አይደለህም? የሴት ወገን ሆነህ ከወንድ ወገን ልትቆም?»

«ወንድ የለም እኮ፣ አባ። ሙሽራ የለበትም።»

«እርሱማ ነው የባሰው» አሉና ጥቂት አስበው ሳቁ። «ደግ፣ እንሂድ። ካህን በሌለበት ብታፍሩ ይብሳል።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እስከ ማንኩሳ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር ሄድን። የእኅቴ ባል ቤት ከመንገዱ ጥቂት ገባ ብሎ ነው፤ ሰውየው ገበሬም ንብ አርቢም ነው፤ የቤቱ ዙሪያ ጥላ በጥላ ሆኖ ከየጥላው ሥር ቀፎ ተደርድሯል። እንደ ወጉ ከአጥሩ ውጭ፣ ሦስታችንም ነጭ ጋቢ ለብሰን፣ ዘንግ ይዘን፣ በተርታ ቆምን። መጀመሪያ ያየችን እኅቴ ናት። እጇን ከአፏ ላይ ጫነች፤ ተመልሳም ሮጠች። ከውስጥ አግዳሚ ሲጎተት፣ ቁርበት ሲራገፍ ተሰማን።

ባሏ ጋቢውን እያስተካከለ፣ ፊቱ በርቶ ወጣ። «ግቡ! ምነው ደጅ መቆማችሁ?»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ቄሱ።

«ደግ፣ ደግ» አለና እኔን ሲያይ ቆም አለ። «አንተ ደግሞ እዚህ መካከል ምን ትሠራለህ? ከማን ወገን ነህ?» መልሴን ግን አልጠበቀም። «ይሁን፤ ያ የቡሬው ጤና ባለሙያ ነው አይደል የላካችሁ? ወሬው ደርሶኛል። እናቱን አውቃቸዋለሁ፤ ደግ ሴት ናቸው።»

እኅቴ ከጓዳ አንዲት አጭር እልልታ አመለጠቻት። መምህሩ ጎኔን በክርናቸው ነኩኝ። የቡሬውን ጤና ባለሙያ ማንነት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የእኅቴን ልጅ ስጠይቃትም መልስ አልሰጠችኝም። በዚያች ሰዓት ግን ነገሩ ሥር ሳይሰድ መንቀል ነበረብኝ።

«ሙሽራ የለም» አልሁ። «ልጅዎን የምንለምነው ለትምህርት ነው። አዲስ አበባ ሄዳ ስለ አንጎል እንድታጠና ይመርቁልን ብለን ነው።»

ሰውየው ሦስታችንን ተራ በተራ አየን። ከዚያ ወደ ቤቱ ዞረና «አንቺ! እልልታውን መልሺው!» ብሎ ጮኸ፤ ራሱም በሳቅ ተንከተከተ። እኛም ሳቅን። ሳቁ ሲበርድ ግን ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ዘንጉን በጉልበቱ መካከል አቆመ።

«በወጉ ከመጣችሁ እኔም በወጉ እጠይቃለሁ። ልጄን የሚፈልገው ማን ነው? ዘሩን ቁጠሩልኝ። ሰባት ቤት።»

በአገራችን ልጅ ሲጠየቅ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ የትውልድ ሐረግ በሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። እኔም በሥራ ዘመኔ ስለ ነርቭ ሳይንስ መግቢያ ስንት ጊዜ እንዳስተማርሁ አላስታውስም፤ በዚህ መልክ ግን ተጠይቄ አላውቅም። ዘንጌን ተደግፌ ቆጠርሁ።

«እርሱ ራሱ የነርቭ ሳይንስ ይባላል። አባቱ ሕክምና ነው።»

«እናቱስ?»

«እናቱ ባዮሎጂ ናት» አሉ መምህሩ ቀድመውኝ። «የእኔ ወገን ናት፤ እኔ እመሰክርላታለሁ።»

«የአባቱ አባት ሬሳ ከፍቶ የሰውን አካል የሚመረምረው ትምህርት ነው፤ አናቶሚ። በእናቱ በኩል ኬሚስትሪ አለ። አጎቱ ሥነ ልቡና ነው፤ የሰውን ጠባይና አስተሳሰብ የሚያጠና። ሌላው አጎት ደግሞ ፊዚክስ ነው፤ ምክንያቱም ነርቭ መልእክቱን የሚያስተላልፈው በኤሌክትሪክ ነው።»

«በመብራት? በእኛ ራስ ውስጥ?»

«አዎ፤ በጣም ጥቂት በሆነ።»

«እኛ ቤት ያለውስ ዝናብ ሲመጣ ይጠፋል። ይህኛውስ?»

«ይህኛውም አንዳንዴ ይጠፋል። ሲጠፋ ነው እንግዲህ ሐኪም የሚፈለገው።»

«ስድስት ቤት ሆነ። ሰባተኛው?»

«ሰባተኛው ፍልስፍና ነው። ሰው እንዴት ያውቃል ብሎ የጠየቀው የመጀመሪያው እርሱ ነው።»

ቄሱ በረጅሙ «እህ» አሉ፤ ዘሩ አጥጋቢ መሆኑን ማጽደቃቸው ነበር። የእኅቴ ባልም ራሱን ነቀነቀና ነርቭ እንዴት እንደሚሠራ ጠየቀኝ። እኔም በሚያውቀው መንገድ ሞከርሁ። ለአጨዳ ደቦ ሲጠራ ሰው ከዚህ ጉብታ ይጮኻል፤ በማዶ ያለው ይሰማና ወደሚቀጥለው ጉብታ ያስተላልፋል። ነርቭም እንዲሁ ነው፤ ጥሪው በአንድ ሕዋስ ውስጥ በኤሌክትሪክ ይሮጣል። ከሕዋሱ ጫፍ ሲደርስ ግን እንደ ወንዝ ያለ ጠባብ ክፍተት ያጋጥመዋል፤ ጩኸቱ አይሻገርም። በዚያ ላይ ኬሚካል ይፈስና መልእክቱን አሻግሮ ለሚቀጥለው ያደርሳል። መድኃኒቶች ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት ከዚያ መሻገሪያ ላይ ነው።

«ተሻጋሪው ቢሰንፍስ?»

«እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ወይም ሰው ያዝናል፤ ወይም ይረሳል። እንደ መሻገሪያው ነው።»

ነገሩ እየጣመው መሆኑን አየሁ። ልቤም አበጠ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስለዚህ ትምህርት ታላቅነት፣ ስለ ዘመኑ ጥበብ፣ ስለሚያስገኘው ክብር እንደ ሰርግ ሽማግሌ ማወደስ ጀመርሁ። እርሱ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ነውሩስ?»

«ነውር የለበትም» አልሁ። ሽማግሌ የሚለው እንዲህ ነው።

ፊቱ ተዘጋ። «ነውር የሌለበት ሙሽራ አላየሁም» አለና ተነሣ። «ዘመድ ላማክር። የዛሬ ሁለት ሳምንት ኑ።»

ቀጠሮ መስጠት ወግ ነው፤ አልከፋንም። ስንመለስ ግን እኔን ብቻ በእጁ ይዞ ከአጥሩ ሥር አስቀረኝ።

«ነውሩን አንተ ካልነገርኸኝ እኔ ልንገርህ። ነውሩ አንተ ነህ። ከዚህ መንደር ስትሄድ አፍህ የማይከደን ልጅ ነበርህ። ተምረህ ስትመለስ "አስተምራለሁ" ብቻ። ድግስ ላይ ትቀመጣለህ፤ ትበላለህ፤ ትሄዳለህ። ምን ስትሠራ እንደኖርህ እናትህ ሳይነግሩን ሞቱ፤ እኔ አላውቅም፤ እኅትህ አታውቅም። ያ ትምህርት ከዚህ ቤት አንድ ሰው ወስዷል። ሁለተኛ አልሰጠውም።»

መንገዱን ሁሉ መምህሩና ቄሱ ስለ መልካም ውሏችን ሲጫወቱ ከኋላቸው ተከተልሁ። በሳምንቱ የእኅቴ ልጅ ስትደውል፣ አባቷ ያለኝን አንድም ቃል ሳልቀንስ ነገርኋት። ቅር እንደምትሰኝበት፣ ለእኔም እንደምታዝንልኝ ጠብቄ ነበር።

«እውነቱን እኮ ነው» አለች።

በቀጠሮው ቀን ከዚያው አጥር ውጭ፣ በዚያው ተርታ ቆምን። በዚህ ጊዜ አግዳሚ የጎተተ አልነበረም። የእኅቴ ባል ወጥቶ «እህሳ?» ሲል፣ ቄሱ አፋቸውን ሳይከፍቱ እኔ ፈቃድ ለመንሁ።

«ባለፈው ነውር የለበትም ብያለሁ። ዋሽቻለሁ። ዛሬ ነውሩን ልናገር ነው የመጣሁት።»

መጀመሪያ የአይጡን ነገር ነገርኋቸው። እናቴ እጄን እንዴት እንደገለበጡ፣ ሦስት ጊዜ እንዴት እንዳስታጠቡኝ፣ ለማንም አትንገር እንዳሉኝ። የእኅቴ ባል አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ እጄን አየ። በዚህ መካከል እኅቴ ከቤት እየሮጠች ወጣች፤ እንባዋ ከሳቅ የተነሣ ይወርድ ነበር።

«ለዚህ ነዋ! አንተ በመጣህ ቁጥር እናታችን ለብቻህ በሳህን ያቀርቡልህ የነበረው ለዚህ ነዋ! "እርሱ ዶክተር ነው፤ ከሰው ጋር አይበላም" እያሉ!»

እኔ ያንን ሳህን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ክብር ነው ብዬ በልቼበታለሁ። ይህንንም ተናገርሁ። ቄሱ ዘንጋቸውን ጥለው ወገባቸውን ያዙ።

ሳቁ ሲያልፍ የቀረውን ቀጠልሁ። አንድ ጥያቄ ይዤ ሁለት ዓመት ሠርቼ ያገኘሁት መልስ «እንዲያ አይደለም» የሚል ብቻ እንደሆነ ነገርኋቸው። መሣሪያ ሲሰበር የሚጠግነው ጠፍቶ ስንት ወር ቁጭ ብለን እንደጠበቅን፤ በአገራችን ይህን የተማረ ሰው የሚቀጠርበት ቦታ ጥቂት መሆኑን፣ አብዛኛው በዩኒቨርሲቲ ማስተማር ወይም በሆስፒታል ከሐኪሞች ጋር መሥራት መሆኑን፤ ሌሎች ቤት ሠርተው ልጅ ሲድሩ እርሷ ገና መጽሐፍ ስታገላብጥ ልትገኝ እንደምትችል። ቄሱ የጋቢዬን ጫፍ ሳቡኝ።

«አንተ ሰው፣ ሽማግሌ ነህ ወይስ ከሳሽ?» አሉ በሹክሹክታ፤ ሁሉም ሰማቸው።

«ተዉት፣ አባ» አለ የእኅቴ ባል። «ዛሬ ገና መናገሩ ነው።» ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ «ይህ ሁሉ ነውር ካለበት ለምን ይህን ሁሉ ዘመን ቆየህበት?» አለኝ።

ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ መልሱ ግን ቅርብ ሆኖ ተገኘ። ተማሪ ሳለሁ የአንዲትን አይጥ አንድ ሕዋስ ብቻ የሚያዳምጥ፣ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ነበረን፤ ሽቦው ከድምፅ ማጉያ ጋር ተያይዟል። አይጧ በአንድ ሣጥን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ማጉያው ዝም ብሏል። ከአንዲት ማእዘን ስትደርስ ግን ቆሎ ሲቆላ እንደሚፈነዳው ጣ ጣ ጣ ጣ ይላል። ማእዘኑን ስትለቅ ዝም። ተመልሳ ስትመጣ እንደገና ጣ ጣ ጣ። ያች አንዲት ሕዋስ ያችን አንዲት ማእዘን ታውቃት ነበር። «ያን ቀን ምሳዬን ረሳሁ» አልሁ። «ማወቅ ድምፅ ሲኖረው የሰማሁት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ አላማረኝም።»

የእኅቴ ባል ለረጅም ጊዜ መሬቱን በዘንጉ ጫረ።

«ሐምሌ ላይ ዝናቡ አላስወጣ ሲላቸው ለንቦቼ በሶ በሰፌድ አቀርብላቸዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ረፋድ ላይ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከዚያች ድንጋይ ላይ። አንድ ቀን ለቅሶ ሄጄ ሳላቀርብ ቀረሁ። እኅትህ ስትነግረኝ፣ በዚያችው ሰዓት መጥተው ባዶው ድንጋይ ላይ ሲያንዣብቡ ነበር። ሰዓቱን ማን ነገራቸው? ይህን ስንት ዓመት አስቤዋለሁ መሰለህ። የምጠይቀው ሰው ግን አልነበረም።»

«ነበር» አለች እኅቴ። «ሳህን ይዞ ለብቻው ተቀምጦ ነበራ።»

ንቦች ሰዓትና ቦታ አዛምደው እንደሚማሩ፣ ይህም በሙከራ የታወቀ መሆኑን ነገርሁት። ይህን ሁሉ የሚሠራው አንጎላቸውም ከአንዲት የሰሊጥ ፍሬ እንደማይበልጥ። እርሱ የማያምን መስሎ አየኝ፤ ከዚያ ወደ ቀፎዎቹ አየ።

«እንግዲህ ሰጥቻለሁ» አለ፤ ልጁን ለሙሽራ የሚሰጥ አባት በሚናገርበት ድምፅ። «ነገር ግን ዋስ እፈልጋለሁ። ዋሷ አንተ ነህ። በየወሩ እየመጣህ ልጄ ምን እንደምታጠና ትነግረኛለህ፤ በሚገባኝ አማርኛ። ዝም ያልህ ቀን እርሷን ሄጄ አመጣታለሁ።»

«እሺ» አልሁ።

«ከአንድ ገበታ ነው የምትበላውም» አለችኝ እኅቴ። «ታጠብና ግባ።»

ስንደውልላት ልጅቱ ቡሬ ስልኳን ይዛ ስትጠብቅ ኖሮ ገና አንዴ ሳይጠራ አነሣችው። አባቷ ስልኩን ከፊቱ ራቅ አድርጎ ይዞ፣ ማዶ ያለ ሰው የሚጠራ ያህል በታላቅ ድምፅ መረቃት፤ የተማርሽው ይግባሽ፣ የነካሽው ይባረክልሽ፣ ሄደሽ የምትቀሪ አያድርግሽ አላት። በየመካከሉ «አሜን» እንላለን። ስልኩ ውስጥ የሚሰማው ግን አሜን ሳይሆን ለቅሶ ነበር፤ ቄሱ «ሙሽራ ታለቅሳለች፤ ወጉ ነው» ብለው አረጋጉን። በሚቀጥለው ሳምንት ምዝገባው ሳይዘጋ ሄደች።

ዋስነቴን እስካሁን አላጓደልሁም። በኅዳር ወር ስለ ሕዋስ አሠራር የተማረችውን ተናገርሁ፤ አጥጋቢ ሆኖ ተገኘ። በታኅሣሥ ስሄድ ቤተሰቡ አውድማ ላይ ነበር፤ ጤፉ እየተበራየ ነው። የእኅቴ ባል የወሩን ሪፖርት ገለባ ላይ ቁጭ ብሎ በትዕግሥት ከሰማ በኋላ፣ ቀትር ላይ ከቀንበር ተፈትተው ጋደም ወዳሉት በሬዎች አመለከተኝ።

«ያ ዳለቻው ሲተኛ እግሩን ያንቀሳቅሳል። በእንቅልፉ ያበራያል ማለት ነው?»

እንስሳት ሲተኙ አንጎላቸው የቀኑን ሥራ እንደሚደጋግም በአይጥ ላይ የታየ መሆኑን ነገርሁት። ስለ በሬ ግን አላውቅም አልሁ።

«እንዴት አታውቅም? ዋስ ነህ እኮ።»

«አላውቅም። የሚያውቅ መኖሩንም እንጃ።»

«እንግዲያው ይህን ታጥናዋ! ደውልላት።»

ደወልሁ። ከኋላዋ የሰው ጫጫታ ይሰማል። አባቷ ጥያቄውን እየጮኸ ነገራት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ እርሷ ግን መልሳ ጠየቀችው።

«አባዬ፣ የትኛውን እግሩን?»

«ምን?»

«የፊቱን ነው ወይስ የኋላውን? የቀኙን ነው የግራውን? ዓይኑስ ቆቡ ሥር ይንቀሳቀሳል?»

ሰውየው እኔን አየኝ። «ይህንንስ አላስተዋልሁም» አለ ቀስ ብሎ።

«እንግዲያው አይተህ ንገረኝ። ሰዓቱንም ጭምር።»

እኅቴ ምሳ ቀርቧል ብላ ሁለት ጊዜ ጠራችን። ባሏ አልተነሣም። ከበሬው ራቅ ብሎ፣ እንዳያስበረግገው በቀስታ ቁጢጥ አለና ዓይኑን ከእግሮቹ ላይ ተከለ። ከደረት ኪሴ እስክሪብቶና ወረቀት አውጥቼ እኔም አጠገቡ ተቀመጥሁ።